እትዬ የፈታችው ጥልፍ

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚላት። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ስናደድባት ግን እኔም ሚሊሜትር ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት። እኔ እዚያው ሱቋ ውስጥ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። እሷ መጨቃጨቅ አታውቅም። አንደኛው ትከሻዋ ወደቅ ያለ ሴት ስትመጣ በሜትሩ ለክታ ዝም ትላለች፤ ከዚያ በዝቅተኛው በኩል ቀጠን ያለ ስፖንጅ ትከትላታለች። ሴትዮዋ መስታወት ፊት ትቆምና «እጅሽ ይባረክ!» ብላ ትሄዳለች። ለምን እንዳማረባት እንኳ አታውቅም።

የጡት ካንሰር ይዟት ግራ ጡቷ በኦፕራሲዮን ሲወጣም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ቁስሉ ገና ሳይጠግግ ቀሚሶቿን አውጥታ አንድ በአንድ ከውስጥ ጥጥ እየሞላች አስተካከለቻቸው። የምተኩሰው እኔ እንኳ ካልገለበጥኩት በየትኛው በኩል እንደሆነ አይገባኝም። «አሁን ማን ያውቅብሻል?» ስላት «ማንም እንዳያውቅ አይደል እንዴ የለፋሁት!» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ግን እኛ ቤት ማባበል አናውቅበትም፤ «በይ እንግዲህ ምሳሽን ብዪ» ብዬ ወደ ካውያዬ ተመለስኩ።

በምትታከምበት ሆስፒታል አንዲት ነርስ አለች፤ ሲስተር ነው የምንላት። የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ትሰበስብና ሥዕል ይሥላሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይጠልፋሉ። እትዬ መጀመሪያ «በዚህ ዕድሜዬ መዋዕለ ሕፃናት ልግባ?» ብላ አሾፈች። ኋላ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ደንበኛ እየመለሰች መሄድ ጀመረች።

የሳበቻት እዚያ ያገኘቻት ጓደኛዋ ናት። የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበረች፤ ድምጿ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። መድኃኒቱ በሚሰጥበት ክፍል ወንበሩ ሁሉ ሲያዝ «ሞልቷል! ሞልቷል! ቀጣዩን ጠብቁ!» ብላ ትጮሃለች። ሲስተር መርፌ ይዛ ስትጠጋት ደግሞ «ወራጅ አለ!» ትላለች። እትዬ ስለሷ ስታወራ ከሳቋ የተነሳ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅታት ነበር።

አንድ ሰሞን ሲስተር ለሁሉም አንዳንድ ቁራጭ አቡጀዲ አደለቻቸው። እያንዳንዷ ገላዋን በክር ትጠልፍና ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር በክሩ ትጽፍበታለች፤ ቁራጩ ሁሉ ተገጣጥሞ አንድ ትልቅ ጨርቅ ሆኖ የሆስፒታሉ አዳራሽ ውስጥ ሊሰቀል። እትዬ ሁለቱንም ጡት እኩል አድርጋ ጠለፈች። ሲስተር «የታመመው የቱ ነው?» ብትላት «አይታይማ!» አለች ኮራ ብላ። መገጣጠሙና ገበር ማልበሱ የሷ ሥራ ሆነ፤ ሌላ ማን አለና!

ቁራጮቹ ሱቃችን ሲመጡ ቲኬት ቆራጯ ብሶባት ተኝታ ነበር። የሷን ሲስተር ናት የላከችልን። «ዛሬ የልጄን ፀጉር ጎነጎንኩ» ይላል። ወይ ጉድ፣ ምን ልበላችሁ! አንዱ ፊደል ሽቅብ አንዱ ቁልቁል፤ ክሩ እዚህ ጋ ተጨምድዶ እዚያ ጋ ላልቶ። «ምስኪን፣ ሕመሙ ነው» አለች እትዬ። «ይህን ሰው ፊት አውጥቼ አላዋርዳትም፤ ላቃናላት።» የስፌት መፍቻዋን አንስታ ፈታችው፤ በዚያው ቀለም ክር ቀጥ አድርጋ እንደገና ጠለፈችው። ስፌት ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው በጋለ ካውያ ሲጫኑት ግን ይጠፋል። እሱ የኔ ሥራ ነው፤ አጠፋሁት። የወደቀውንም ክር ጠረግኩት። «ስታየው እንዴት ደስ ይላት ይሆን!» ተባባልን።

ሐሙስ ዕለት ሲስተር ጨርቁን ዘርግታ ስታይ ስታይ ቆየችና የቲኬት ቆራጯ ቁራጭ ጋ ስትደርስ «ይህን ማን ነካው?» አለች። ለካ ቲኬት ቆራጯ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቀኝ እጇ አብጦ ማንኪያ እንኳ አልይዝ ብሏት ነበር። በግራሽ ጥለፊ ቢሏት እምቢ ብላ በዚያው እጇ ነው የጠለፈችው። ክሩን መርፌው ውስጥ እንኳ ማንም እንዲያስገባላት አልፈቀደችም። «ይጣመም፤ የኔ እጅ መሆኑ ይታወቅ» ብላለች አሉ።

እትዬ ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች። «አሁኑኑ ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ» አለች። እኔ፣ አፌን በቆረጠው፣ «ታማ የተኛችን ሴት በክር ታስጨንቂያታለሽ? ሲሻላት ትነግሪያታለሽ» ብዬ አስቀረኋት። አልተሻላትም። በሳምንቱ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሌላ ሰው ሆነች። እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፤ ሚሊሜትር! በብጥስጣሽ ጨርቅ ላይ ያንን ጽሑፍ እንደነበረው አጣማ ልትጠልፈው ትቀመጣለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቀጥ ማለት የለመደ እጅ እምቢ ይላታል። ቢጣመምላትም «ይኼ ደግሞ ሌላ ውሸት» ብላ ትወረውረዋለች። «ያቃናሁላት መስሎኝ እኮ በቁሟ እጇን ቆረጥኩት» አለችኝ አንድ ቀን። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ስለሆነ ነው መሰለኝ ቆሽቴ አረረ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም! ልጅቷ ስትመጣ የእናቷን ጥልፍ አይታ ደስ ብሏት ትሂድ። ዝም በይ!» አልኳት። ያስፈራችን እሷው የቲኬት ቆራጯ ልጅ ነበረች፤ ሲስተር ጨርቁ በሚሰቀልበት ቀን እንድትመጣ ጠርታታለች።

የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ከአክስቷ ጋር መጣች። የእናቷን ቁራጭ ስታገኝ ፊደሎቹን በጣቷ እየነካች እስከ መጨረሻው ሄደች። ከኋላዋ ቆመናል። የእትዬን እጅ ጨበጥ አደረግኩት፤ ዝም በይ ማለቴ ነው።

ልጅቷ ዞር ብላ «ይኼን እማዬ ናት የሠራችው?» አለች።

«አዎ የኔ ቆንጆ፣ እሷው ናት!» አልኩ ቀድሜ። ምን ነካኝ!

እትዬ እጇን ከእጄ መንጭቃ አወጣች። «አይደለችም ልጄ። እናትሽ የጠለፈችውን እኔ ፈታሁት። ጠማማ ነው ብዬ። ይኼ የኔ እጅ ነው።»

አክስትየዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ስድቡን ጠበቅኩ፤ ብትሰድበን በወደድኩ። ልጅቷ ግን ረጋ ብላ «በጣም ጠማማ ነበር?» አለች።

«በጣም» አለች እትዬ፤ እንባዋ ይወርዳል።

«ክሩስ?»

«ጠረግኩት» አልኩ።

ልጅቷ ወደ ጨርቁ ተመለሰች። «የጎነጎነችኝም እንደዚያ ነበር» አለች። «ጠዋቱን ሙሉ ስትታገል በዚያ እጇ። ትምህርት ቤት ስደርስ ልጆቹ ሳቁብኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ፈታሁት።»

እትዬ «እናትሽ አየች?» ብላ ጠየቀቻት።

«ስመለስ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። አየችው፤ ምንም አላለችኝም» አለች ልጅቷ። «ጨርቁንና ክሩን አምጪልኝ ብላ ይኼን መጥለፍ የጀመረችው ያኔውኑ ነው።»