ሁለት የሚያሳየው መነጽር

ከሚሊኒየሙ በፊት ባሉት ዓመታት ከላሊበላ በላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ እንግዶችን አስጎበኝ ነበር። ቀይ ቀበሮ ሰው ሲቀርባት ትሸሻለች፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ገዛሁ። ሻጮቹ የዓመት ዋስትና ሰጥተውኝ ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ፣ ሳይወድቅ ሳይመታ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳይ ጀመር። በቀኝ ዓይን ብቻ ሲያዩበት ደህና ነው፤ በግራም ብቻ ደህና ነው። ሁለቱን ዓይን ሲገልጡ ግን ቀበሮዋ መንትያ ትሆናለች፣ ራስም ያዞራል። አንዲት እንግዳ ጥቂት አየችበትና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አስመለሳት።

ሱቁ ደወልኩ። «ይዘኸው ና፤ ሳናየው ምንም አንልም» አሉኝ።

በሳምንቱ ተራራ የማወጣቸው እንግዶች ስለነበሩ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደሴ አድሬ አዲስ አበባ ስገባ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ አለኝ።

በነጋታው ሱቁ ሄድኩ። ባለቤቱ ጠና ያሉ፣ ክራባት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። መነጽሩን ይዘው በር ላይ ወጡና ከማዶ ያለውን ሕንፃ አዩበት።

«ምንም የለውም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሁለት ያሳያል እኮ።»

«አንድ ነው። ይኼን ስሸጥ ነው የኖርኩት፣ ልጄ።»

ከምሳ በኋላ ተመለስኩ። አሁንም አዩበት፤ አሁንም አንድ ነው አሉ። ተቀብዬ ሳይ ሕንፃው ላይ የተሰቀለው ባንዲራ ሁለት ነው። ያደርኩበት አልጋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ምናልባት የታመመው የእኔ ዓይን ይሆን እያልኩ ራሴን ስጠራጠር ዋልኩ።

በነጋታው ስሄድ መነጽሩን በግራቸው በኩል ዘረጋሁላቸው። አላዩትም። እጄ አየር ላይ ቀረ። አንገታቸውን ሙሉ ለሙሉ ሲያዞሩ ነው የተቀበሉኝ። ያኔ ቀረብ ብዬ ግራ ዓይናቸውን አስተዋልኩት፤ ብርሃን የለውም።

እኛ አገር የሰው ጉድለት ፊት ለፊት አይነገርም። ደግሞ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። ዝም ብዬ ልመለስ አሰብኩ፤ ግን ያ መንገድ ትዝ ሲለኝ ባዶ እጄን ለመመለስ አቅም አጣሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ችግሩ የሚታየው በሁለት ዓይን ሲያዩበት ብቻ ነው» አልኩ።

መነጽሩን ቀስ ብለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። አሁን ነው ያየሁት።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ስኳር ነው የወሰደው። ደንበኛ ከሰማ፣ ለራሱ ሳያይ መነጽር ይሸጥልናል ይሉኛል። ለልጄም አልነገርኳት።»

«እግዜር ይማርዎት» አልኩ።

ከጓዳ ዕቃ የምታስተካክለውን ልጃቸውን ጠሩ። ገና ዓይኗ ላይ ስታደርገው «ኧረ አባዬ፣ ሁለት ነው!» አለች። አዲስ እንድታመጣልኝ አዘዟት። ከካርቶኑ አውጥተው እኔው ራሴ እንድፈትሸው ሰጡኝ፤ በር ላይ ወጥቼ አየሁበት።

«አንድ ነው?»

«አንድ ነው፣ ጋሼ።»

ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ክንዴን ይዘው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ሲሄዱ እኔን በግራቸው በኩል አደረጉኝ፤ መንገደኛ ሲመጣ ቀስ ብዬ ጎተት አደርጋቸው ነበር።

ስመለስ ጋሸና ላይ አውቶቡሱ ተበላሽቶ አደርን። ያን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላሊበላ ስደርስ እንግዶቼ ከሌላ አስጎብኚ ጋር ተራራ ወጥተዋል። ልከተላቸው እችል ነበር፤ አልተከተልኳቸውም። ባለቤቴ ውሃ አሙቃ እግሬን ታጥበኝ ጀመር።

«ታዲያ ሰጡህ?» አለችኝ።

«ሰጡኝ።»

ልታየው ፈልጋ እጇን በቀሚሷ አደራረቀች። ቦርሳውን እስክትከፍት ግን እግሬ ውሃው ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደኝ።