ሰባት ቁጥር ጣውላ

ባለፈው ወር ቡራዩ ያለው እድራችን ስብሰባ ላይ አዲስ የተመረጠው ሊቀመንበር፣ ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ጎበዝ ልጅ፣ ተነስቶ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። «የሰፈራችን ችግር» አለ፣ «ሰዉ ለጋራ ነገር ደንታ የለውም።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም እያጨበጨብኩ ዞር ዞር ብዬ ስመለከት ሁሉም የሚያጨበጭበው ጎረቤቱን እያየ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ደንገጥ ብሎ «እማማ፣ ምን አሳቀዎት?» አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበለው? «ተወኝ ልጄ፣ የድሮ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው» ብዬ አለፍኩት። ያ የድሮ ነገር ይኸው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ለአስተማሪነት ሱሉልታ ተመደብኩ። ከጉለሌ ሱሉልታ ዛሬ መንገድ ተብሎ አይቆጠርም። ያኔ ግን እንጦጦን ተሻግሮ ወደዚያ ማዶ መውረድ አገር መልቀቅ ነበር፤ እናቴ ስንቄን ስትቋጥር አልቅሳለች። ብርዱስ ቢሆን! ጠዋት ሜዳው ላይ የሚተኛው ጉም እስከ ሦስት ሰዓት አይነሳም። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ድምፃቸው ይሰማል፣ ቀጥሎ እግራቸው ይታያል፣ ፊታቸው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ታዲያ ወተቱ፣ አሬራው፣ በቅቤ የራሰው ጭኮ ሁሉንም ያስረሳል። ለመጀመሪያው ክረምት ወደ ቤት ስመለስ ከመወፈሬ የተነሳ እናቴ ያን ሁሉ ዕንባ በከንቱ ማፍሰሷ ቆጫት።

የተከራየሁት አዴ ጫልቱ ቤት ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቅቤ እየነገዱ ራሳቸውን ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ጨዋታቸውን በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በኦሮምኛ ከሆነ ግን ተቆጥተዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዞር ማለት ይሻላል። እኔን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፤ ወገቤን ባልኩ ቁጥር አብረውኝ ወገቤን ይሉ ነበር።

ትምህርት ቤቱና ገበያው ከወንዙ ወዲህ፣ አብዛኛው ገበሬ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ ጠባብ ሆኖ ጥልቅ ነው። ክረምት ከገባ እስከ ኅዳር ድረስ ልጅ አያሻግርም፤ ስለዚህ የማዶ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት ሌሎቹ ግማሹን ሊያገባድዱ ሲሉ ነበር። ወዲህና ማዶ ስንት ዓመት ሲጨቃጨቁ ኖረው በመጨረሻ ለእግር ድልድይ የሚሆን አሥራ ሁለት ወፋፍራም የጽድ ጣውላ አዋጥተው ገዙ። ሰኔ ላይ መጥቶ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተከመረ። እንዳይጠፋ ምልክት ይደረግበት ሲባል ቀለምና ብሩሽ ይዤ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት በግዕዝ ቁጥር፣ በቀይ ቀለም ጻፍኩበት። ሰባት ላይ ብሩሹ አዳልጦኝ ፯ን አንገቷ የተቀጨ አስመሰልኳት። ከዚያ ዝናቡ ቀደመንና ሥራው ለመስከረም ተላለፈ፤ እኔም ለክረምቱ ወደ ጉለሌ ሄድኩ።

መስከረም ላይ ስመለስ ሁለት ነገር ጠበቀኝ። አንደኛው አዲስ አልጋ ነው። አዴ ጫልቱ «ከእንግዲህ መደብ ላይ አትተኚም» ብለው ሰፊ ጣውላ በአራት እግር አስቁመው፣ ፍራሽ ጥለውበት ቆዩኝ። ሁለተኛው ደግሞ ከአጥር ሥር የተከመረው ጣውላ ድራሹ መጥፋቱ ነው። ይህንን ሁለት ነገር አንድ ላይ ያላሰብኩት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቢሮ አንድ ሰው መጣ። ሦስተኛ ክፍልን ቆጠረና አንገቱን ነቀነቀ። «በጥቅምት መጨረሻ እመለሳለሁ» አለኝ። «እስከዚያ ካልሞላ ክፍሉ ይታጠፋል፤ አንቺም ትዛወሪያለሽ።» የሦስተኛ ክፍል ግማሹ የማዶ ልጆች ናቸው። ክፍሉ ከታጠፈ የእነሱ ትምህርት እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው። ደሜ ፈላ። በየቤቱ እየዞርኩ «ሌቦች! የልጆቻችሁን መንገድ የበላችሁ!» እያልኩ ጮህኩ። ለአጥቢያ ዳኛው ለኦቦ ቱሉም ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። በዚያ ዕድሜዬ አገር የሚቀናው በማመልከቻ ይመስለኝ ነበር።

ኦቦ ቱሉ አቤቱታዬን አስነብበው ሰሙና አውጫጭኝ ጠሩ። የዛሬ ልጆች አውጫጭኝን አታውቁትም። የጠፋ ነገር ሲኖር የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ምሎ የሚያውቀውን ለሽማግሌዎች በጆሮ ይናገራል። ቂም እንዳይያዝ «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። ሌባው ካልተገኘ ኪሳራው የአገሩ ሁሉ ነው። ጸሐፊ ያስፈልጋል ተባለና እኔ ተመረጥኩ፤ ደስታዬን አልደብቅም።

የአውጫጭኙ ዕለት ጠዋት ጸጉሬን ሳበጥር ማበጠሪያዬ አመለጠኝና አልጋው ሥር ገባ። ተንበርክኬ እጄን ስሰድ ቀና አልኩ። ከጣውላው ሆድ ላይ አንገቷ የተቀጨ ቀይ ፯ ታየኛለች።

አዴ ጫልቱ ደጅ ቁጭ ብለው ቅቤ በኮባ ቅጠል ይጠቀልላሉ።

«አዴ፣ የአልጋዬ ጣውላ ከየት መጣ?»

«ከአጥሩ ሥር ነዋ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ማዶዎቹ ሊወስዱት ነው ሲባል ሰምቼ አነሳሁት። እኔ ባላነሳው ይሄኔ የሰው ቤት ጣሪያ ነበር።»

«ታዲያ አልጋ ምን አደረገው?»

«ዝም ብሎ ከሚቆም አንቺ ብትተኚበት ምን አለበት? ወገቤን ወገቤን ስትዪ አልነበረም?»

«አዴ፣ ይሄ እኮ ስርቆት ነው!»

«እኔ ሰረቅሁ? ከሌባ አስጣልኩ እንጂ!» አሉና ቀሪውን በኦሮምኛ ጨረሱት።

ወደ ሜዳው ስሄድ ሁለቱን መንገድ አመዛዘንኩ። ዝም ካልኩ በሐሰት ልምል ነው። ከተናገርኩ ደግሞ እንደ ልጃቸው ያኖሩኝን ሴት በአገር ፊት ሌባ ላሰኝ ነው። መምህር ነኝ ብዬ አገር ስሰድብ የከረምኩት ለካ የተሰረቀው ዕቃ ላይ ተኝቼ ነው።

ሰዉ ቆሎውንና አሬራውን ይዞ ሜዳውን ሞልቶታል፤ አዴ ጫልቱም ከሴቶቹ መካከል ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ኦቦ ቱሉና ሁለት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እኔ ከጎናቸው በርጩማ ላይ ነን። ክርስቲያኑ በማተቡ፣ እስላሙ በቁርኣኑ እየማለ ተራ በተራ ቀረበ። የወዲህ ሰው «ወፏ ማዶ ነው አለችኝ» ይላል። የማዶው ሰው «ወፏ ገበያው ውስጥ ነው አለችኝ» ይላል። እስከ ቀትር ይህንኑ ስጽፍ ዋልኩ። ኦቦ ቱሉ በመጨረሻ ታከታቸውና «ዛሬ ወፎቹም ጎራ ለይተዋል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አስተማሪት፣ ተራሽ ነው። አንቺም ትምያለሽ።»

ተነሳሁ። በጆሮ መናገር ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ሰድቤያቸው የነበረው በአደባባይ ነውና ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ሰባት ቁጥር እኔ ዘንድ ነው። መስከረም ከገባ ጀምሮ ተኝቼበታለሁ። ራሴ የጻፍኩበት ቁጥር ነው። እናንተን ሌባ እያልኩ ስዞር ግን አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁም።»

የአዴ ጫልቱን ስም አላነሳሁም፤ ግን የማን ቤት እንደማድር የማያውቅ አልነበረም። እሳቸውም ተነሱና ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ እኔ ሳያዩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ የወሎ ሰው የሆኑት ባለሱቁ ሐጂ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወላሂ፣ አሥራ አንድ ቁጥር እኔ ሱቅ ስኳር ተሸክሞ ቆሟል። ያነሳሁት ለጥበቃ ነበር፤ በኋላ ግን ጠባቂ ከሚሆን ሥራ ይሥራ ብዬ…» ሳቅ ፈነዳ። አንድ የማዶ ገበሬ ተነስቶ «ዱጋ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሁለቱ እኔ ጥጃ በረት ነው ያሉት። የገበያ ሰዎች መደርደሪያ ሊያደርጉት ነው ሲባል ሰምቼ ነው» አለ። አንዱ የበር መዝጊያ፣ አንዱ የንብ ቀፎ ማስቀመጫ አድርጎታል። ሁሉም ያነሳው ሌላው እንዳይወስደው ነው። ሳቁ በረድ ሲል ኦቦ ቱሉ በቀስታ ተነሱና፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስነስተው አግዳሚውን ገለበጡት፤ ፲፪ ይላል።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «እኔ እንኳ አልደበቅኩም። አገር ሁሉ እያየ ነው የተቀመጥኩበት።»

ሳቁ እንደገና ሜዳውን አዳረሰው። እሳቸው ግን ፍርድ መስጠት አልረሱም። «ሌባ ብዬ ማንን ላስጽፍ? ሁላችሁን ካስጻፍኩ ዳኛውም አይቀር። ሂዱና አምጡ። ባዶ እጁን የሚመለስ የለም፤ ምሳር ያለው ምሳር፣ ዶማ ያለው ዶማ ይያዝ።»

በዚያች ከሰዓት በኋላ የሆነውን ያላየ አያምንም። ለስንት ዓመት «እነሱ ይጀምሩት» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ሁለት ትላልቅ ግንድ ወንዙ ላይ አጋድመው፣ ጣውላውን ከወዲህም ከማዶም እየመቱ ወደ መሃል መጡ። ሚስማር የሐጂ ኑሩ ነው፤ ጭኮው ከማዶ መጣ። ሰባት ቁጥርንም ሁለት ጎረምሶች ከፍራሼ ሥር አውጥተው አመጡት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን አሥራ አንድ ሆነና ቆመ። ሦስት ቁጥር የለም። መሃል ላይ የአንድ ጣውላ ቦታ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ለትልቅ ሰው እርምጃ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ግን ወንዝ ውስጥ መግቢያ ነው። ሰዉ እንደገና እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። እኔም ነገሩ ሊበላሽ ነው ብዬ ፈራሁ።

ይህን ጊዜ አዴ ጫልቱ አንድ ጣውላ መሬት ለመሬት እየጎተቱ መጡ። ልንረዳቸው ስንል በእጃቸው ከለከሉን። ድልድዩ አፍ ላይ አደረሱትና እያለከለኩ አዩኝ።

«አንቺ የምትተኚበትን ተናገርሽ» አሉኝ። «ይሄ ደግሞ እኔ የምነግድበት ነው።»

የቅቤያቸው መደርደሪያ ነበር። ቅቤው እንጨቱ ውስጥ ድረስ ዘልቆ ስለገባ ከዚያ በኋላ ለወራት ያህል የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ድልድዩ መሃል ሲደርስ ቆሞ ሳይልስ አያልፍም።

ማታ እየፈራሁ ቤት ስገባ አልጋዬ የነበረበት ቦታ ላይ ድርቆሽ እስከ ጉልበት ተጎዝጉዟል፤ ጋቢያቸውንም ከላይ አልብሰውታል። «ተኚ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ የራሴ ሣር ነው።» እኔም ጋቢው ውስጥ ተሸፍኜ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

የቢሮው ሰው በጥቅምት መጨረሻ ሲመጣ ሦስተኛ ክፍል መቀመጫው ሞልቶ ልጆች መስኮት ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔም አራት ዓመት እዚያው ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ በስንት ኮሚቴ፣ በስንት እድር አገልግያለሁ። ጥፋትን ማመን ሁልጊዜ ጣውላ ያስመልሳል አልልም፤ አንድ ጊዜ አምኜ የተረፈኝ ቅጣት ብቻ ነው። ስለ ሱሉልታው ቀን ሳስብ የሚያስቀኝም የሚያስፈራኝም ሌላ ነው። ያቺ ማበጠሪያ ከእጄ ባታመልጥ ኖሮ ያን ቀን በሙሉ ልቤ እምል ነበር። አገሩ ሁሉ ኪሳራውን እንዲከፍል ከማንም በላይ እጮህ ነበር። ማታም ቤቴ ገብቼ እዚያው ሰባት ቁጥር ላይ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር።