ዝቅ ያለችው ብስክሌቴ

በስደት በምንኖርበት የኪልበርን ሰፈር ከእኛ ፍላት በታች የሚኖረው ጎረቤቴ ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገ የሜክሲኮ ዘር ነው፤ ራሱን ቺካኖ ብሎ ይጠራል። እሁድ እሁድ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሎውራይደር የሚላትን ብስክሌቱን ይወለውላል። መሬት ልትስም ምንም የማይቀራት፣ መሪዋ እንደ በሬ ቀንድ የተቆለመመ፣ ብረቷ ፊት የሚያሳይ ጉድ ናት።

«አባቴ እንዲህ ዝቅ ያለች መኪና ነበረችው» አለኝ አንድ ቀን። «ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳት። ችላ የሚለን ሁሉ ቆሞ እንዲያየን።»

ልቤ ተሰረቀ። ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ አሮጌ ብስክሌት ገዝቼ፣ እሱ እያሳየኝ ዝቅ አደረግኳት። ቀለሙን ግን እኔው ካልቀባሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። የእሱ ብስክሌት ላይ የተሳሉትን ጽጌረዳዎች አስመስዬ ሳልኩባት።

«ጎመን ነው?» አለች ሚስቴ።

ጎረቤቴ ጨዋ ነው፤ ስለ ጎመኑ አላነሳም። «ጽጌረዳው የእናቴ ሰፈር ምልክት ነው» አለኝ። «ያንተስ የታል?»

አፈርኩ። ስንት ዓመት ስለ ባህል ስደሰኩር የኖርኩ ሰው የራሴን ስጠየቅ ጠፋኝ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ያደግኩባት የአዲስ አበባ ታክሲዎች ትዝ አሉኝ። ብስክሌቴን እንደነሱ ሰማያዊና ነጭ ቀባኋት፤ ታክሲዎቹ ጥቅስ አያጡምና ጎኗ ላይ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ደረቴን ነፍቼ ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ይበልጥ ልታይ ብዬ ስታጠፍ ፔዳሉ አስፋልቱን ጫረና ተዘረርኩ። ከሰልፉ መሃል ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ኤርትራዊት እናት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ጎማው ተንፍሶብህ ነው እንዲህ የወረደው?»

«አይ እማማ፣ ሆን ብዬ ነው ያወረድኩት።»

«ሆን ብለህ?» አሉና አማተቡ።

ጉልበቴ ሲሻለኝ ከጎረቤቴ ጋር ሃክኒ የሚባል ሰፈር፣ የሎውራይደር ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ግቢ ሄድን። እዚያ ያሉት ዝቅ ያሉ መኪኖች በተገጠመላቸው ፓምፕ እንደ ፈረስ ፊታቸውን እያነሱ ይዘላሉ። አንዲት ወጣት ብስክሌቴ ጋ ቆማ ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ስነግራት ከልቧ ሳቀች፤ ፎቶ ላንሳ አለችኝ። ጃኬቴን አስተካክዬ፣ መሪዋን ይዤ፣ ቀና ብዬ ቆምኩ።

«ይቅርታ» አለችኝ በትሕትና፣ «ትንሽ ፈቀቅ ይሉልኛል? እየከለሏት ነው።»