የነቀዘው አሥራት

ዓርብ ጠዋት፣ ከሹም አቦ እስከ ወደቡ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የተነሣሁት ለራሴ ጉዳይ አልነበረም። አክስቴን ዘርፌን ወደ ንስሐ አባታችን ላደርስ ነው። እሑድ መቁረብ ፈልጋለች፤ ከዚያ በፊት ግን አሥራቴን ሳላገባ ከምቆርብ ሞቼ ልገኝ ብላ ሙጭጭ አለች።

አክስቴ የበለሳ ሰው ናት። ድርቁ በሬዋንም ባሏንም ወስዶባት፣ ከመጠለያ መጠለያ ተንከራታ፣ በመጨረሻ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር እኔ ቤት ገባች። የእርዳታ ስንዴ በተሰፈረላት ቁጥር ከአሥር ጣሳ አንዱን ለይታ ጆንያ ውስጥ ትከታለች። «ይሙላና ይገባል» ትላለች። ጆንያው አይሞላም፤ እሷም አትቆርብም። «ከደሞዜ ልስጥልሽ» ብላት፣ «የአንተ አሥራት የአንተ ነው። ለመሆኑ አውጥተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

የይለፍ ወረቀት ስጠይቅ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከእሑዱ ስብሰባ ለምን እንደምቀር ጠየቀኝ። ለቁርባን ነው ብል የሚሆነውን አውቃለሁ። «የታመመች አክስቴን ዘመድ ዘንድ ላደርስ ነው» አልሁት። ለእሷ ስነግራት፣ «መች ታመምሁ? ምን ያስዋሽሃል?» ብላ እስከ ወደቡ ድረስ ስትነዘንዘኝ ሄደች።

ወደቡ ላይ አንድ ወጣት አብዮት ጥበቃ አስቆመን።

«እማማ፣ ምን ይዘዋል?»

«ስንዴ።»

«የእርዳታ?»

«አዎን፣ የእርዳታ።»

የእርዳታ እህል ለገበያ ሲያወጣ የተያዘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያኔ ሁሉም ያውቃል። ልጁ ጆንያውን ፈትቶ እጁን ሰደደ። ሲያወጣው አቧራ የመሰለ ዱቄት በጣቶቹ መካከል ረገፈ፤ ጥቋቁር ነቀዞች በክንዱ ላይ መሯሯጥ ጀመሩ።

«ኧረ በስመ አብ! ይህን ደግሞ ማን ይገዛል?» ብሎ ሳቀ። «በሉ እለፉ።»

እኔም ሳቅሁ። ነቀዝ አዳነን እኮ! ዘወር ስል ግን አክስቴ ጆንያውን እንደ ታመመ ልጅ አቅፋ ቆማለች። አፈርሁ።

ጣና ላይ

ጀልባዋ በሰው፣ በአሞሌ ጨው፣ በላምባ በርሜልና በሁለት ፍየሎች ታጭቃለች። ውኃው ረግቷል፤ የጫካ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲቀዝፉ በጎናችን ያልፋሉ። ጉማሬ ብቅ ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ለማየት ወደ አንድ ወገን ተንጋጋና ነጂው ጮኸብን። አክስቴ ቀና እንኳ አላለችም።

«አልተቀበለኝም» አለች በመጨረሻ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ! ቢፈልገው ኖሮ ለትል ይሰጠው ነበር?»

«ነቀዝ ከእርጥበት ነው የሚመጣ፤ ጣራችን ያፈስሳል» አልሁ። ማጽናናት አላውቅበትም። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

ዘጌ

ከጀልባው ስንወርድ ሎሚ ሻጮች ከበቡን፤ በስሙኒ አንድ እቅፍ ሰጡን። ከዚያ በቡናና በጌሾ መካከል ሽቅብ የሚወጣውን የድንጋይ መንገድ ተያያዝነው። ጥላው ደስ ይላል። እዚህ አገር በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም፤ ከጥንት የመጣ ግዝት ነው። እህል የሚመጣው ሁሉ በውኃ ተጭኖ ነው። ጆንያውን ልሸከምላት ብል እምቢ አለችኝ።

ንስሐ አባታችን መምሬ ታደገ ከደጃቸው ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀበሉን። የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ ቀረበልን። አክስቴ ሳትቆርስ በፊት ጉዳይዋን ነገረቻቸው፤ ስለ ነቀዙም አልደበቀችም።

መምሬ ታደገ እጃቸውን አወዛወዙ። «ወለተ ማርያም» አሏት በክርስትና ስሟ፣ «አሥራት ካለው ነው የሚወጣ። ከምጽዋት ላይ አሥራት አውጪ ያለሽ ማነው? አሥራት የሚወጣው እኮ እንዳንቺ ላለ ችግረኛ ነው። ያለ ምንም ቅረቢና ቁረቢ።»

እኔ ተገላገልን ብዬ ወደ እንጀራው ጠጋ አልሁ። አክስቴ ተነሥታ ቆመች።

«እንግዲያው ልመለስ።»

«ምነው ልጄ? ፈቀድሁልሽ እኮ!»

«አባቴ፣ እግርዎ ሥር ነኝ። ድርቁ ከገባ ወዲህ እጄ መቀበል ብቻ ለምዷል። መጠለያ ተሰልፌ ተቀበልሁ፣ ከዚህ ልጅ ቤት ገብቼ ተቀበልሁ። አሁን ደግሞ ከእግዚአብሔር ፊት ባዶ እጄን ዘርግቼ ልቀበል? ድሃ ብሆን መስጠት ተከለከልሁ?»

መምሬ ታደገ ጆንያውን ሳቡ፣ ፈቱና ጥቂት እህል በመዳፋቸው ላይ ዘረገፉ። በጣታቸው እየለዩ ቆዩ።

«ነቀዙ ሁሉን አልበላውም» አሉ። «ሰፌድ አምጡ።»

ቅዳሜ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ

ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት ከስንዴ ነው የሚጋገር፤ ስንዴውም መገበሪያ ይባላል። የተሰበረ፣ የተበላ፣ ነቁጥ ያለበት አይገባበትም። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ከተወረሰ ወዲህ መገበሪያ እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ይህን መምሬ ታደገ ለአክስቴ አልነገሯትም፤ እኔም በኋላ ነው የሰማሁ።

ጠዋት ከዋርካ ሥር ሁለት መነኮሳይት፣ አክስቴና እኔ ሰፌድ ከበን ተቀመጥን። አነፈስን፣ ለቀምን፣ ደግመን ለቀምን። ዓይኔ ደከመና አንዲት ቀዳዳ ያላት ፍሬ ከደኅናው ጋር ቀላቀልሁ። አክስቴ አየችኝ።

«ይቺን ለእግዚአብሔር ነው የምትሰጥ? ለቀበሌህ ስጣት!»

መነኮሳይቱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ሁሉ ጆንያ የተረፈው አንዲት ትንሽ ቁና እንኳ አልሞላም። ዲያቆኑ በሁለት እጁ ተቀብሎ ኅብስቱ ወደሚጋገርባት ቤት፣ ወደ ቤተልሔም ገባ። አክስቴ በሩ እስኪዘጋ ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላ እህል ውኃ በአፏ አልዞረም፤ ጾሟን ያዘች።

እሑድ

እኔ እንደ ልማዴ ከውጭ ከግንቡ ሥር ቆሜ አስቀደስሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ አክስቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። የቆረበ ሰው ወዲያው አያወራም፤ እኔም አልጠየቅኋት። መምሬ ታደገ ከኋላዋ መጡና ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «የዛሬው ኅብስት የእሷ ስንዴ ነው» አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ ወደ ሐይቁ ዞርሁ።

ቤት

ማታውን ሹም አቦ ገባን። አክስቴ ባዶውን ጆንያ አራግፋ አጠፈችው። «ከእንግዲህ አላጠራቅምም፤ በየወሩ ትኩሱን ነው የማገባ» አለች። እኔ ድሃን የሚያሳፍረው ስጥ ተብሎ መጠየቁ ይመስለኝ ነበር። የበለጠ የሚያሳፍረው ከአንተ ምንም አንፈልግም መባል መሆኑን ከዘጌ ተምሬ መጣሁ።

በማግስቱ ሊቀ መንበሩ መንገድ ላይ አገኘኝ።

«ያቺ የታመመችው አክስትህ እንዴት ሆነች?»

የሄድሁት ዋሽቼ ነበር፤ ለመልሱ ግን መዋሸት አላስፈለገኝም።

«ዳነች» አልሁት።