አማቴና የዶክተሩ ፈተና

የልጄ የሐያት እግር ስትወለድ ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። እንዲህ ያለውን በቀዶ ሕክምና የሚያቃና የልጆች አጥንት ሐኪም ወልዲያ መጥቷል፣ ዛሬ ማታ ወደ መጣበት ይመለሳል ሲሉን ከመርሳ በረርን። ችግሩ አማቴ ናቸው። የአገር ወጌሻ ስለሆኑ፣ እሳቸው እሺ ካላሉ ሚስቴ ልጅቱን አትሰጥም። እሳቸው ደግሞ በሻርፓቸው ሥር ዶሮ ደብቀው ዶክተሩ ክፍል ገቡላችሁ!

"ልጄ፣ እኛ ዘንድ ወጌሻ የሚፈተነው በዶሮ ነው። እግሯን ስበርና ጠግናት፤ ከዚያ ሐያትን እሰጥሃለሁ" አሉት ዶክተሩን።

ላቤ ቢጠራቀም የሐራን ማሳ ያጠጣ ነበር። ከኋላችን ያለው ወረፋ ውርጌሳ ከተማ የደረሰ መሰለኝ። ዶሮዋ ትንጫጫለች፣ ነርሷ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ።

"ኧረ እማ ዘይነባ፣ ሰውየው ሊሄድብን ነው!"

"ዝም በል፣ አንተ ቀላል!"

ዶክተሩ ዶሮዋን ተቀብሎ እግሯን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና ወደ አማቴ ዞረ። "እማማ፣ ይቺማ ድሮ ተሰብራ የዳነች ናት። የጠገናት ሰው እጁ ይባረክ፤ እኔ ደግሜ አልሰብራትም።"

"እኔው ነኝ የጠገንኳት!" አሉና ሐያትን አሳቀፉት።