የባባ አመድ፣ የጎጎ አመድ

የተጠበሰ በቆሎ መብላት ከተውኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሲገኝ ጥርሴን ያመኛል እላለሁ። ጥርሴስ ደህና ነው። እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ መንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ዛሬም አሉ፤ ሽታው አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ግን መንገዱን ተሻግሬ በወዲያኛው በኩል እሄዳለሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ መሆኑ ነው፣ አባቴ እዚያው ጀፕ አንድ ያረጀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የብርድ ልብስ ሱቅ ነበረው። እኔና እናቴ ከአዲስ አበባ መጥተን ከተቀላቀልነው ገና ዓመት አልሞላንም። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጫወቻዬ ኮሪደሩ ነበር። ከሱቃችን ፊት ለፊት አንቲ ሳቪታ የሚባሉ የህንድ ባልቴት ቅመምና አምባር ይሸጣሉ፤ ከእሳቸው አጠገብ አንክል ዩሱፍ መጋረጃ ይሰፋሉ። አንቲ ሳቪታ ሂንዱ ናቸው፣ አንክል ዩሱፍ ሙስሊም። በሁለቱ በሮች መካከል ግድግዳው ላይ ትንሽ መደርደሪያ ነበረች፤ እሷ ላይ የአንድ ሽማግሌ ሥዕል ተቀምጧል። ራሳቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው፣ የተጣጣፈ ረጅም ቀሚስ ለብሰው፣ እግራቸውን አጣምረው ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ነጭ ጺም ያላቸው ሰው ናቸው። ሁለቱም ባባ ይሏቸዋል።

ባባ የት እንደተወለዱ፣ ከማን ወገን እንደሆኑ በሕይወት እያሉም ተናግረው አያውቁም አሉ። ኖረው የሞቱት ሰው በተወው መስጊድ ውስጥ ነው። እዚያ የማይጠፋ እሳት ነበራቸው፤ ለታመመ ሁሉ፣ ሂንዱም ይሁን ሙስሊም፣ ከዚያ እሳት አመድ እየዘገኑ ይሰጡ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አንቲ ሳቪታ ሥዕሉ ላይ ቢጫ አበባ ያንጠለጥላሉ፣ አንክል ዩሱፍ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ለፎቁ ሁሉ ሐልዋ ይታደላል። አንቲ ሳቪታ "ባባ የኛ ናቸው" ብለው ይጀምራሉ፤ አንክል ዩሱፍም ታዲያ መስጊድ ውስጥ ምን ሲያደርጉ ተገኙ እያሉ ያበሽቋቸዋል። ከሥዕሉ ሥር አንዲት የሻይ ቅጠል ጣሳ ነበረች። አንቲ ሳቪታ ከዚያው ከባባ እሳት አገር ድረስ ሄደው ያመጡት አመድ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

እናቴ የሰው ሃይማኖት አይነካም ባይ ናት። አንቲ ሳቪታ የታመመ ሰው ግንባር ላይ ከጣሳዋ ሲቀቡ ባየች ቀን ግን ተገርማ "እንደኛ እምነት ማለት አይደል እንዴ" አለች። እሷም ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የተሰጣትን እምነት፣ ያንን ለሕመምተኛ የሚቀባ አመድ፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ይዛ መጥታ በሱቁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው ነበር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት አንቲ ሳቪታና አንክል ዩሱፍ አበባ ሊገዙ ወረዱ። ኮሪደሩ ገና መወልወሉ ነው። አንክል ዩሱፍ በሰጡኝ ሰማያዊ የልብስ ጠመኔ ደረቅ ያለ ቦታ ፈልጌ ሰኞ ማክሰኞ ሠራሁና በአንድ እግሬ መዝለል ጀመርኩ። ስመለስ አዳለጠኝ። እንዳልወድቅ መደርደሪያዋን ያዝኩ። ባባ ግድግዳውን ተደግፈው ተረፉ፤ ጣሳዋ ግን ወደቀች፣ አመዱም እርጥቡ ወለል ላይ ፈስሶ ጭቃ ሆነ። በሹራቤ ጠረግሁት። ቀና ስል ባባ ያዩኛል።

የዚያን ቀን አእምሮዬ እንዴት እንደሠራ ዛሬም ይገርመኛል። ባባ እያዩኝ ተራ አመድ ጣሳቸው ውስጥ መጨመር አልደፈርኩም። የእናቴን መሳቢያ ግን ማንም አያየውም። እሷ ደንበኛ ስታስተናግድ እምነቱን አውጥቼ ጣሳዋ ውስጥ ገለበጥኩት። ከዚያ ወደ መንገድ ወርጄ በቆሎ የሚጠብሱትን ጎጎ፣ እዚህ አሮጊት ሁሉ ጎጎ ነው የሚባለው፣ ለትምህርት ቤት ነው ብዬ ከምድጃቸው የቀዘቀዘ አመድ ለመንኳቸው። ስቀው በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ፤ ግማሽ በቆሎም ጨመሩልኝ። በቆሎውን ደረጃው ላይ በላሁ፣ አመዱን በእናቴ ጨርቅ ቋጠርኩ። እጄን ታጥቤ የቤት ሥራዬን ስሠራ እናቴ ምን ጨዋ አደረገሽ ዛሬ አለችኝ።

አራት ወር አለፈ። የጆበርግ ብርድ ሲገባ አባቴ ሳንባውን ታመመና ሆስፒታል ተኛ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ጨርቋን ይዛ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ቋጠሮውን ፈትታ፣ በአውራ ጣቷ ነክታ፣ ስመ ሥላሴ እያለች ግንባሩን፣ ደረቱን ቀባችው። አባቴ ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ።

"በቆሎ በቆሎ ይሸተኛል" አለ። "ክረምት ላይ ጓሮ የምንጠብሰው።"

ትኩሳቱ ነው፣ ዝም በል፣ አትድከም አለችው። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜ ጨርቁን አያለሁ።

ይህን ጊዜ አንቲ ሳቪታና አንክል ዩሱፍ በሩ ላይ ቆመዋል። አንቲ ሳቪታ ጣሳዋን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከባባ ትንሽ እንቀባው ወይ ብለው እናቴን ጠየቁ። እናቴ በትሕትና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እናንተ ጸልዩለት፣ እኛ የራሳችን አለን አለቻቸው። የራሳችን ያለችው እኮ እሳቸው እጅ ላይ ነበር! አንቲ ሳቪታ ወዲያው አልሄዱም፤ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። አፌን ከፈትኩ። እናቴ ሰው ፊት በጥፊ ስታጮለኝ ታየኝና መልሼ ዘጋሁት። ጣሳዋ በመጣችበት ተመለሰች፣ አባቴም በማግሥቱ ሞተ። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ የኔን አይጨምርም እላለሁ።

ዛሬ እኔም ሠላሳን አልፌያለሁ። አንቲ ሳቪታ አርፈዋል፤ በዚያ ኮሪደር መደርደሪያዋ የነበረችበት ቦታ የስልክ ሽፋን ተሰቅሎበታል። ባለፈው ሳምንት ሐኪሞች እናቴን ልቧን ቀዶ ሕክምና ታድርግ ብለው ቀጠሯት። ልብሷን ሳዘጋጅ "ያባትሽን እምነት አምጪልኝ፣ ሳልቀባ አልገባም" አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት የቀረውን አስቀምጣው ኖሯል።

ሐሙስ ዕለት አንክል ዩሱፍ ቤት ሄድኩ። ባባ ሳሎናቸው ውስጥ ናቸው፣ ጣሳዋም ከሥራቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌው አልደነቃቸውም።

"ክዳኑ ላይ የኔ ሰማያዊ ጠመኔ ነበር" አሉ። "አመዱ ደግሞ የእናትሽን የእሁድ ነጠላ፣ ዕጣን ዕጣን ይሸት ነበር። ሳቪታ ያን ዕለት ሆስፒታል የመጣችው ልትመልስላችሁ ነው። ልጅቷ በራሷ አፍ ትናገር አለችኝ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሙሉ መንገዱን፣ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር እኮ፣ ትል ነበር።"

ታዲያ የኛ መሆኑን እያወቃችሁ ስትቀቡት ኖራችሁ አልኳቸው። ባባ የማን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም ብለው ከጣሳዋ በወረቀት ቆንጥረው ሰጡኝ።

እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ወረቀቱንና የድሮውን ጨርቅ ፊቷ አስቀምጬ ከሰኞ ማክሰኞው ጀምሬ ነገርኳት። ያኔ የፈራሁት ጥፊዋን ነበር፤ አሁን ብትመታኝ በወደድኩ። ጨርቁን አንስታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

"ምንም አይሸትም አሁን" አለች። ቀጥላም፣ "ዝም በል አልኩት። የመጨረሻ ቃሉ ነበር፣ እውነቱን ነበር፣ ዝም በል አልኩት።"

ሃያ ዓመት የኔ ብቻ ነው ያልኩትን ሸክም ለእሷም አካፈልኳት ማለት ነው። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አንሸራተተችና ሁለቱንም ቀቢኝ አለችኝ። የባባን ጣሳ አመድና የጎጎን አመድ መዳፌ ላይ ቀላቅዬ ግንባሯን ቀባኋት። ነገ ጠዋት ትገባለች። አባቴንም ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እሷ እየሰማችኝ።