ልጄን በጡቴ የያዝኋት ጊዜ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተማርኋቸው ልጆች ሁሉ ይመሰክራሉ። ቁጣዬ ግን ቶሎ ይበርዳል። ሳይበርድ የቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በገዛ ልጄ ላይ።

ባለቤቴ ጥምቀት ላይ ጉግስ ሲጫወት ከፈረስ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ተኝቶ ሞተ። ተዝካሩ በወጣ ማግሥት፣ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናትን አንዲት ልጄን ፊቴ አቁሜ፣ «ፈረስ ላይ ብትወጪ የጠባሽው ጡቴ ይፋረድሽ!» አልኋት። እኛ አገር እናት በጡቷ ከያዘች፣ ከራሷ በቀር የሚፈታው የለም። ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

ልጅቱ አድጋ ቱሪዝም ተማረች። ሥራ ያገኘችውስ የት ነው? እንጅባራ አጠገብ፣ ዘንገና ሐይቅ! እንግዶች በፈረስ ተራራውን እየዞሩ ሐይቁን የሚያዩበት ማረፊያ ውስጥ፣ አስጎብኚ ሆና።

«በፈረስ?» አልኋት በስልክ።

«አትስጊ እማዬ» አለችኝ።

አትስጊ! ፈረሰኞችን በምን ልትመራቸው ኖሯል? ዋሸችኝ ብዬ ዓመት ሙሉ አኮረፍኋት።

በመጨረሻ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ሳልነግራት ተነሣሁ። ዳቦ ግን ደፍቼ ያዝሁ፤ ኩርፊያ ሌላ፣ ስንቅ ሌላ። ቡሬን ዐልፈን ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ በአውቶቡሱ መስኮት ገባ። ረዳቱ «ዘንገና ወራጅ!» ሲል ወረድሁ።

ሐይቁን ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ የመጣሁበትን ረሳሁት። ክብ ነው፤ ዙሪያውን ደን የለበሰ ገደል ከብቦት ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። «አቤት ሥራህ!» አልሁ ጮክ ብዬ። ስንት ዓመት ካርታ ላይ በእንጨት እየጠቆምሁ ለሰው ልጅ ሳሳይ፣ እኔ ራሴ አይቼው አላውቅም።

ዳቦዬን ታቅፌ ዛፍ ሥር እንደ ቆምሁ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። አምስት ፈረንጆች በአምስት ፈረስ ብቅ አሉ። ስድስተኛው ፈረስ ተጭኗል፤ ኮርቻው ላይ ግን ሰው የለም። ልጓሙን ይዛ ከጎኑ የምትሮጠው ልጄ ናት። ላቧ ይንቆረቆራል፤ እያለከለከች ስለ ሐይቁ ጥልቀት ትነግራቸዋለች። የጫማዋ ሶል ተገንጥሎ በሲባጎ ታስሯል።

ከኋላ ሲከተሉ የነበሩት ሽማግሌ ባለፈረስ ሳልጠይቃቸው አጫወቱኝ። «ይቺ ልጅ ዓመት ሙሉ በእግሯ ነው የምትዞር። እናቴ በጡቷ ይዛኛለች ትላለች። አሁን ግን እንግዶቹ ራቅ ያለው ተራራ ድረስ እንሂድ ስላሉ፣ ከሰኞ ጀምሮ የማረፊያው አለቆች በፈረስ የሚመራ ሰው ሊተኩባት ነው። እኒያን እናቷን ባገኛቸው!»

«አገኙኝ» አልኋቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ልጄ አየችኝና ደነገጠች። አቀፍኋት፤ ፈረስ ፈረስ ትሸታለች፤ እንደ አባቷ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ሥራውን ተይው ትይኝ ነበር።»

እውነቷን ነው፣ እል ነበር። አሁንም ልቤ እጇን ይዘሽ ወደ ማርቆስ ተመለሽ እያለኝ ነበር። ፈራሁ። የባለቤቴ ጩኸት ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ያ ሰው ግን ወገቡ ተሰብሮ ተኝቶ እንኳ፣ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀኝ ስለ ፈረሱ ነበር፦ በላ? ጠጣ? ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። እዚያው ነገርኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ፈረንጆቹ ወርደው የሰጠኋቸውን ዳቦ እየቆረሱ ያዩናል። ነጠላዬን አጣፋሁና ፊቴ አቆምኋት፤ ልክ እንደዚያን ዕለት።

«የጠባሽው ጡቴ ይፋረድሽ» ስላት ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ዛሬ እዚህ ፈረስ ላይ ካልወጣሽ!»

ወደ ባዶው ኮርቻ ዞረች። ሽማግሌው እርካቡን ሊይዙላት ሲመጡ ከለከልኋቸው። የያዝሁላት እኔ ነኝ።